ዘይት የነካው እጅ

«ሥራ ክቡር ነው» የሚለውን ቃል ከመድረክ ያልተናገረ ኃላፊ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልጻፈ መምህር፣ በድርሰቱ ውስጥ ያላስገባ ደራሲ በአገራችን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኔም ብዕር ካነሣሁበት ጊዜ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት ቆጥሬ አላውቅም። የቃሉን እውነትነት አልክድም። የምጠራጠረው በራሳችን ነው። ይህን ቃል ደጋግመን የምንናገር ሰዎች የምናከብረው ሥራውን ነውን? ወይስ ሥራውን ባሻው ሰዓት ትቶ ለመሄድ የሚችለውን ሰው? በሁለት አሮጌ መኪኖች ሥር በጀርባቸው የተኙ ሁለት ሰዎችን ላቅርብና አንባቢ ይፍረድ።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ነው። አንድ የታወቀ ግለሰብ አይደለም፤ በአገሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር አምሳያ አለው። ኤም. ጂ. ቢ. የምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና አለችው። ይህች መኪና ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አቢንግደን በተባለች ከተማ ስትሠራ ከእነ እኅቶቿ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ደርሳ ነበር። ዛሬ አርጅታለች፤ ዝናብ ታስገባለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ወለሏን ዝገት ይበላዋል። የኤሌክትሪክ ዕቃዋን የሠራው የሉካስ ኩባንያም መብራቱ በየመንገዱ ስለሚጠፋ በወዳጆቿ ዘንድ «የጨለማው ልዑል» የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለታል። እንግሊዛዊው በሳምንቱ ቀናት የባንክ ሠራተኛ ወይም የሕግ ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ግን አሮጌ ልብሱን ለብሶ ከሥሯ ይገባል። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር እንዲስቡ ሲያስተካክል፣ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮው ላይ፣ ሌላውን በካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጎ የአንዱን ሹክሹክታ ከሌላው ያመዛዝናል። ሲጨርስ አንዲት ኮረብታ ዞሮ ይመለሳል፤ ጉዞው ይኸው ነው። ሰኞ ዕለት በጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁር ዘይት ለባልደረቦቹ በኩራት ያሳያል። ልጁንም ከጎኑ አስቀምጦ የቁልፎቹን ስም ያስተምረዋል።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አካሏም ሞተሯም የተለወጠ መኪና ያችው መኪና ናትን? ለኤም. ጂ. ቢ. ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ አካሏ እንደ አዲስ እየተሠራ ይሸጣልና ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። ጥንታዊም ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ሲያቆዩአት ፈላስፎቹ «ያችው ናት»፣ «አይደለችም» እያሉ ይሟገቱባት ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ሙግቱ ከፈላስፎች እጅ ወጥቶ ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት ደረሰ። «አሮጌዋ ቁጥር 1» የተባለችው የቤንትሊ መኪና በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈች ናት። በ1932 እ.ኤ.አ. በሌላ ውድድር ከመንገድ ወጥታ ነጂዋ ሞተ፤ እርሷ ግን እንደ ገና ተሠራች። ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በሚገመት ዋጋ ልትሸጥ ስትል ገዢው «ይህች ያችው አይደለችም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በለማን ከሮጠችው መኪና እጅግ ጥቂት ነገር ብቻ እንደ ቀረ ተረድተው፣ ነገር ግን ታሪኳ ሳይቋረጥ የመጣ ስለሆነ በስሟ ልትጠራ ይገባታል ሲሉ ፈረዱ።

ፍርዱን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ያው ሆኖ የሚኖረው በብረቱ ሳይሆን በተደረገለት ያልተቋረጠ እንክብካቤ ነው ማለት ነውና። ነገር ግን ያን ታሪክ ሳይቋረጥ ያቆየው የማን እጅ ነው? ይህ ለክርክሩ አላስፈለገም። ለእኛ ግን ያስፈልገናል፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ሰው እንሂድ።

ሁለተኛው ሰው በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ብረት የነኩት «ዋዱ» በሚል ስም የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ባስፋፋበት ዘመን፣ በልጅነታቸው ነው። ከሥሯ የሚተኙላት መኪና የስፖርት መኪና አይደለችም፤ ላንድሮቨር ናት። ሆኖም የዚያችው አገር ልጅ ናት። በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም ስትታይ፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በመጥፋቱ አካሏ ከአሉሚኒየም ቅልቅል ነበር የተሠራው። ለጥቂት ዓመታት ችግር ማለፊያ የታሰበችው መኪና ዘሯ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፋብሪካ ሲወጣ ኖረ። ከሶዶዋ ላንድሮቨር ዛሬ የቀረው ሻንሲዋና በሮቿ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዲናሞዋ የጃፓን መኪና ነበር። የተሰበረው ዘንግ በቶርኖ ተቀርጾ ተተክቷል። ለላስቲኮቿ የተሽከርካሪ ጎማና አሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጧል። እንግሊዛዊው ዕቃ በፖስታ ያዝዛል፤ እኒህ ሰው ዕቃውን ራሳቸው ይፈጥሩታል። በዚህ ረገድ ከሁለቱ የቴሴዎስ መርከብ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሶዶ ውስጥ የእንግሊዝ መኪና የሚጠገነው በጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ፣ ቡሎን እያሉ ወላይትኛ የሚናገሩ ረዳቶች ይቀባበላሉ። ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ሞተር ላይ ሳይጣሉ ሲሠሩ ባየሁ ጊዜ በተውኔቴ ያላገኘሁትን ዝማሬ እዚያ ሰማሁ።

እኒህም ሰው ያዳምጣሉ። የካቻቪቴውን ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንግሊዛዊው በጎማ ቱቦው ከሚያደርገው በምንም አይለይም። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ አንደኛው ለፍቅር፣ ሁለተኛው ለእንጀራ ይሠራል የሚል ነው። አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መልካሚቱ ከተማ የእጅ ባለሙያን ዜጋዋ እንደማታደርግ ሲናገር ምክንያቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ለኑሮ ግድ የሚሠራ ሰው ነጻ ሰው ሊሆን አይችልም ማለቱ ነው። በእርግጥ የእኛ አገር ጥገና የግድ ጥገና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለውን ማቆየት ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። ይሁንና ግድ ባለበት ፍቅር የለም የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። እናት ልጇን የምታጠባው ግድ ስለሆነባት ነው ብለን ፍቅሯን እንክዳለንን?

ልዩነቱ በሌላ ቦታ ነው። ማርክስና ኤንግልስ በ1845 እና በ1846 እ.ኤ.አ. በጻፉት «የጀርመን ርዕዮተ ዓለም»፣ ሰው ጠዋት አድኖ ከሰዓት በኋላ ዓሣ አጥምዶ፣ ነገር ግን አዳኝ ወይም ዓሣ አጥማጅ ተብሎ ሳይታሰር የሚኖርበትን ኅብረተሰብ አስበው ነበር። እንግሊዛዊው በቅዳሜው ቀን ይህንን ሰው ይመስላል። መኪና ይጠግናል፤ መካኒክ ግን አይባልም። ሥራውን ይሠራዋል፤ ስሙን አይሸከመውም። በእኛ ዘንድ የኖረው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ሰው ሥራውን ቢተወው እንኳ ስሙ አይተወውም።

ወላይታ አንጥረኛውን ዎጋቼ፣ ሸክላ ሠሪዋን ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂውን ደጌላ ይላል። እነዚህ ቃላት የሙያ ስሞች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ማንንም ባላሳዘኑ። እነሱ ግን የዘር ስሞች ሆነው ኖሩ። ከእነርሱ ጋር ጋብቻ አልነበረም፣ ማዕድ መቁረስም አልነበረም። በልጅነቴ አያቴ ቤት አንድ አንጥረኛ ማጭድ ሊያደርስ ሲመጣ ከግቢው አጥር ዘንድ ይቆም ነበር። ምግቡ በእንሰት ቅጠል ተደርጎ ይወሰድለታል። ቅጠሉን አድራሹ እኔ ነበርሁ። አያቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ለተራበ ሰው እጇን አጥፋ አታውቅም። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩን ለመረዳት በቀለለኝ።

የሚገርም የታሪክ ግጥጥሞሽ አለ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ያመጣት ሲድሊ የምትባል የእንግሊዝ መኪና ነበረች። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክልና ተሳዳቢውን በእሥራት የሚያስጠነቅቅ አዋጅ አስነገሩ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት ወደ እኛ መጡ። መኪናው በየመንገዱ ተራባ፤ አዋጁ ግን እስከ አያቴ አጥር አልደረሰም። ወላይታን በ1887 ዓ.ም. በጦር ያስገበረ ንጉሥ ያወጣው አዋጅ እዚያ የፍቅር ጆሮ ባያገኝ አይደንቅም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የበለጠ ሠርቷል፤ መሬት ያልነበረው አንጥረኛ የመሬት ባለይዞታ ለመሆን መብት አገኘ። መሬት ግን በአዋጅ ይከፋፈላል፤ ማዕድ በአዋጅ አይከፋፈልም።

መካኒኩ የአንጥረኛ ልጅ መሆናቸውን የነገሩኝ ከብዙ ዓመት ትውውቅ በኋላ ነው። ያን ዕለት የላንድሮቨሯን የተሰበረ ባሌስትራ ሲያወጡ፣ «ይኼ አይጣልም» አሉኝ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ አባታቸው ከመኪና የወጣውን ባሌስትራ በእሳት አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ ቢላና ማጭድ ያወጡበት ነበር። በዚያ ጊዜ የአያቴ ቢላ ትዝ አለኝ። በጊፋታ በሬ ሲታረድ ሥጋው የሚከተፍበት፣ በቤቱ የተከበረ ሰፊ ቢላ ነበር። ከየት እንደ መጣ ጠይቄ አላውቅም። ከባሌስትራ የተሠራ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልችልም፤ በዎጋቼ እጅ የተሠራ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ቢላው ከማዕዱ መካከል ነበር፣ የሠራው ሰው ከአጥሩ ዘንድ ነበር። የእንግሊዙ ዳኛ ቢላውን ቢያዩት «ታሪኩ ያልተቋረጠ» ይሉት ነበር። የተቋረጠው የሰውዬው ነው።

በጋራዥ የታወቀ አንድ ሰላምታ አለ። እጁ ዘይት የነካ ሰው የእንግዳውን እጅ እንዳያቆሽሽ መዳፉን ሰብስቦ የእጁን አንጓ ይሰጣል። እኒህ ሰው ለዓመታት አንጓቸውን ሰጡኝ፤ እኔም እንደ ጨዋነት ቆጥሬ አንጓቸውን ጨበጥሁ። ከዚያ ንግግር በኋላ ግን አንጓውና የእንሰቱ ቅጠል በሐሳቤ ተያያዙብኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መዳፋቸውን ፈልጌ ያዝሁ። እጄ ጠቆረ። እሳቸው ሳቁና ወዲያው ጨርቅ ፈለጉልኝ። ያደረግሁት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ኅሊና ማረፊያ እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ምናልባት ለቅዳሜው እንግሊዛዊ የቀረብሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ታጥቤ መሄድ እችላለሁና።

ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። «ሙያውን አላስተማሩትም?» አልሁ። «ይህን እንዲነካ አልፈልግም» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። የእንግሊዛዊው ልጅ የቁልፎቹን ስም ከአባቱ ጎን ሆኖ ይማራል። የእኒህ አባት ፍቅር ልጁን ከቁልፎቹ ማራቅ ሆነ። «ሥራ ክቡር ነው» ብዬ ልመልስላቸው ቃሉ እስከ አፌ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት።

የላንድሮቨሯ ባለቤት፣ ዕድሜው ከልጃቸው ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ መጣ። ሞተሩ ተነሣ። «አንተ እኮ የዋዛ አይደለህም!» አላቸው በደስታ። ሒሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እሳቸው ካቻቪቴውን ከጆሯቸው አላነሡም፤ ዓይናቸውም እንደ ተጨፈነ ነበር።

«ገና ናት» አሉ።