የአሞሌው ዕዳ

ሰቆጣ ትልቅ የአሞሌ ገበያ በነበረችበት ዘመን አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበረ። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው ጨው ደጋ ወጥቶ ሰቆጣ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ እንደገና ተጭኖ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድር፣ አልፎ ተርፎም ወደ ጎጃም ይሻገራል። አሞሌ በዚያ ጊዜ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነው። በቅሎ ይገዛበታል፣ በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። ጠርዙ ከተሸረፈ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘውማ ሀብት የነበረው ነገር ውኃ ሆኖ ይሄዳል። ነጋዴው ከልጁ ይልቅ ለጨው ይሳሳል እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱ ልጁ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም።

ልጁ ዳዊት የደገመ፣ ድምፀ መረዋ፣ ጋቢው ሁልጊዜ የነጣ ጎልማሳ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሊያስቀድስ ሄደ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ የቀደሙት የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖችም ይገኙበታል። ልጁ ከቅዳሴ በኋላ እነርሱን ሲያይ ቆየ። አገር ያንቀጠቀጡ ሰዎች አጥንትና ቆዳ ሆነው ተጋድመዋል። እዚያው እንደ ቆመ፣ ከውጭ ይምጣ ከውስጥ ለይቶ ባላወቀው ድምፅ «ሁሉን ትተህ ና» ሲባል ሰማ።

የዚያኑ ሌሊት የአባቱን ዕቃ ቤት ከፍቶ አርባ ሙሉ አሞሌ አወጣና ጎሕ ሲቀድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተሰበሰቡት የኔ ቢጤዎች አደለ። ከዚያም ከአባቱ ጫኞች አንዱን ቀስቅሶ «በቅሎዋን ትመልሳታለህ፣ ተከተለኝ» አለው። ጫኙ የአገው ሰው ነው። ከአፍ መፍቻው ከኽምጣና ቋንቋ በቀር አማርኛ ብዙ አይሆንለትም፣ ፊደልም አልቆጠረም። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም። መንገዱን ሁሉ ወጣቱ ስለ ሰማው ድምፅ ሲያወራ እርሱ የበቅሎዋን ኮርቻ እያስተካከለ ተከተለ።

ከገዳሙ ሲደርሱ አበምኔቱ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ምን ፈልገህ መጣህ፣ ልጄ?»

«ልመነኩስ፣ አባቴ። ሁሉን ትቼ መጥቻለሁ።»

«ሁሉን ስትል ምን ምኑን ነው?»

«አርባ አሞሌ ለድሆች ሰጠሁ።»

«የማን ነበር?»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «የአባቴ» አለ።

«እንግዲያ የአባትህን ትተሃል» አሉ አበምኔቱ። «የራስህን ገና አላየነውም።»

በማግሥቱ አባትየው ሽማግሌ አሰባስቦ ደረሰ። «ልጄን ገዳሙ ከፈለገው ይውሰደው፤ አሞሌዬን ግን ማን ይመልስልኛል?» እያለ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ተወው ብለው ሊያግባቡት ሞከሩ። አበምኔቱ ግን፣ ሁሉም በጠበቀው በተቃራኒ፣ ለነጋዴው ፈረዱለት። «ጨው የእርስዎ ነው። ልጁ ይመለስና እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ተቀጠረ ጫኝ፣ በጫኝ ደመወዝ፣ አርባው እስኪሞላ ይሥራ። ስለ ቆብ የምናወራው ከዚያ ወዲያ ነው።» የልጁ ፊት ጠቆረ። አባትየውም የተፈረደለት ሰው አልመሰለም፤ ልጁ ከጫኝ ጋር መቆጠሩ ነውር ሆነበት።

ክርክሩ ሲካሄድ ጫኙ የገዳሙ እንስራዎች ባዶ መሆናቸውን አየና በቅሎዋን አስሮ ወደ ምንጩ ወረደ። ጉባኤው ሲበተን ብዙዎቹን ሞልቶ ነበር። ከአበምኔቱ በቀር ልብ ያለው የለም።

የፍራንቸስካውያንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ልጅ ከወዲሁ ሳይለየው አይቀርም። አዎ፣ የተዋስኩት ከጣልያን አገር ነው። የአሲዚው ፍራንቸስኮስ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። ሳን ዳሚያኖ በምትባል በፈራረሰች ቤተ ክርስቲያን ሲጸልይ ከመስቀሉ «ቤቴን አድስ» የሚል ድምፅ እንደ ሰማ ይተረካል። ወዲያው ከአባቱ ሱቅ ጨርቅ ጭኖ ፎሊኞ ገበያ ወረደ፤ ጨርቁንም ፈረሱንም ሸጦ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ቄስ አመጣ። አባትየው ከሰሰ፤ ጳጳሱም ገንዘቡ እንዲመለስ አዘዙ። ሰባኪዎች ሁሉ የሚወዱት ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ፍራንቸስኮስ በአደባባይ ልብሱን ሳይቀር አውልቆ ለአባቱ የመለሰበትን። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ቄሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እየፈረሰ፣ ማደሻው ገንዘብ በእጁ እየተሰጠው፣ አልቀበልም አለ። ያ ደሀ ቄስ ገንዘቡን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ፍራንቸስኮስ ጥሩ ለጋስ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ አልጠራለትም። ድንጋይ እየለመነ፣ እየተሸከመ፣ የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትን በእጁ ሲጠግን ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ የተባለው ግንብ ነው ብሎ አምኖ ነበርና። ሐዋርያት ወርቅም ከረጢትም ሳይዙ እንዲሄዱ የታዘዙበትን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ ሰምቶ የልቡን ያገኘው ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙ ወንድሞች ከተከተሉት በኋላ እንኳ በበዓት ተወስኜ ልጸልይ ወይስ ወጥቼ ልስበክ የሚለውን ለብቻው መቁረጥ ስላልደፈረ፣ ወንድም ማሴዮን ወደ ቅድስት ክላራና ወደ ወንድም ሲልቬስትሮስ ልኮ እንዳስጠየቀ ይነገራል። ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ሰው ያማክራል! ይህን የሚያህል ትሕትና እኛ ዘንድ ድምፅ ሰማን ከሚሉት ስንቱ አለው?

መጀመሪያ ላይ ወደ ፍራንቸስኮስ ማኅበር የመጣ ሁሉ ወዲያው የምንኩስናውን ልብስ ይለብስ ነበር። የመጣውም በዛ፣ የሚንከራተተውም በዛ። እ.ኤ.አ. በ1220 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖርዮስ 3ኛ ማንም አንድ ዓመት ሳይፈተን ቃል ኪዳን እንዳይገባ ደነገጉ። ዛሬም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ቁጥር 644 ዕዳ ያለበትና ሊከፍለው የማይችል ሰው ለምንኩስና ፈተና እንዳይቀበሉት አለቆችን ያስጠነቅቃል። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክስ ገዳማት ወጣቱ በአመክሮ ይቆያል፤ ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል። ቆብ ሲደፋም እንደ ሞተ ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። የሞተ ሰው ዕዳ አይከፍልምና ሳይሞት ይክፈል ማለት የአበምኔቱ ብልሃት ብቻ አልነበረም።

ወደ ሰቆጣ እንመለስ።

ልጁ ከጫኞቹ ጋር ወጣ። ከሌሊቱ ይጭናሉ፣ ተከዜ ሳይሞላ ለመሻገር ይሮጣሉ፣ ሲመሽ አራግፈው ጨውን ከጤዛ ይሸፍናሉ። መዳፉ በጨው ተሰነጣጠቀ። ጋቢው መንጣቱን ተወ። የመጀመሪያው ደመወዙ አንድ አሞሌ ሲሰጠው ጠርዙ የተሸረፈ ሆኖ አገኘው። ገበያ ወሰደው፤ በግማሽ ዋጋ እንጂ የሚቀበለው አጣ። ለአባቱ በዕዳው እንዲያስብለት ሲመልስለት «ዕዳህ ሙሉ አሞሌ ነው፤ ይሄ ግማሽ ነው» ተባለ።

«የከፈልከኝ አንተው አይደለህም?»

«ለጫኝ የሚከፈለው የተሸረፈው ነው» አለ አባት ሳይደናገጥ። «ጠይቃቸው፣ ሁሉም ነጋዴ እንዲሁ ነው የሚከፍል።»

ሄዶ ያንን ጫኝ ጠየቀው። ጫኙ በተሰባበረ አማርኛ ነገሩ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ እንደዚሁ መሆኑን ነገረው፤ ሳይቆጣ፣ ስለ ዝናብና ስለ ንፋስ እንደሚያወራ ሰው። ወጣቱ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በአንዲት ማለዳ አርባ ሙሉ አሞሌ ለማያውቃቸው ሰዎች በትኗል፤ ይህን የሚያውቅ ሁሉ ቸር ብሎታል። ሲያገለግሉት የኖሩት ሰዎች ግን አንድም ቀን ሙሉ አሞሌ ተቀብለው አያውቁም። እርሱም እስኪደርስበት ድረስ አላወቀም ነበር፤ ባለማወቁ ራሱን ንጹሕ ማድረግ ግን አልቻለም።

ጫኙ በበኩሉ በገዳሙ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ጭነቱን አሳርፎ ውኃ ይቀዳል። ለምን እንደሚያደርገው አንድ መነኩሴ ቢጠይቀው «ምንጩ ሩቅ ነው፤ እናንተ ሽማግሌ ናችሁ» አለ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። አንድ ቀን ደግሞ እዚሁ ባድር ማለዳ ለመቅዳት ይመቸኝ ነበር ብሎ አስፈቀደ። ደመወዙን ሳይጠይቅ ከነጋዴው ወጥቶ በዚያው ቀረ።

ሁለት በጋ አልፎ የነጋዴው ልጅ ወደ ዋርካው ተመለሰ።

«አርባው ሞላ፣ አባቴ።»

«እሰይ! ቆቡን ላምጣልህ?»

«ይቆየኝ» አለ ልጁ። አቀርቅሮ የተሸረፈውን አሞሌ ታሪክ ነገራቸው። «አባቴ አርጅቷል፤ ንግዱ ነገ በእጄ ይገባል። ትቼው ብመጣ የአጎቴ ልጆች ይረከቡታል፤ እነርሱም በተሸረፈው ይከፍላሉ። ታዲያ ያን ቀን የሰማሁት ውሸት ነበር?»

«ሁሉን ትተህ ና አለህ አይደል? ወዴት ና እንዳለህ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያ ገዳም ብለህ የጨመርክበት አንተ ነህ።»

ልጁ ይህን ሲሰማ የተናደደ መሰለ። ዋርካው ሥር ብዙ ተቀመጠ። አበምኔቱም አላባበሉትም፤ መጽሐፋቸውን ማንበብ ቀጠሉ። እዚህ ላይ አንባቢ አበምኔቱን ጨካኝ ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን እንዲህ ያለ አለቃ ያጡ ብዙ ወጣቶች ቆብ ከደፉ በኋላ ሲፈርሱ አይተናልና ለጭካኔያቸው አደላለሁ። ገዳም የሸሸ ሰው መደበቂያ ሲሆን የሚጎዳው ሸሽቶ የመጣው ብቻ አይደለም፤ ጥሎት የመጣውም ሰው ነው።

ልጁ ሰቆጣ ገባ። አባቱ ሲሞት ንግዱን ተረከበና ለጫኞቹ ሙሉ አሞሌ መክፈል ጀመረ፤ የድሮውንም ልዩነት እየቆጠረ ለልጆቻቸው ሳይቀር መለሰ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ተጣሉት፤ የእነርሱም ጫኞች ሙሉ መጠየቅ ጀምረዋልና። ሀብቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። አገባ፣ ወለደ። «ሁሉን ትተህ ና» የሚለውን ድምፅ ዳግመኛ አልሰማም፤ ሰማሁ ብሎም አልተናገረም።

ጫኙን ደግሞ ከብዙ ዓመት እርድና በኋላ አባቶች ተማክረው መንኩስ አሉት። አባታችን ሆይን በግእዝ በቃሉ ከማወቅ አላለፈም፤ ድምፅ ሰምቶም አያውቅም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስመነኩስ ውኃውን ማን ይቀዳል?» አንተው ትቀዳለህ አሉት። ደስ ብሎት ቆቡን ደፋ።

ነጋዴው በየዓመቱ ለገዳሙ የሚልከውን ጨው የሚረከበው እርሱ ነው። እያንዳንዱን አሞሌ እያገላበጠ ጠርዙን ሳያይ ዕቃ ቤት አያስገባም ነበር ይላሉ፤ በዚህም ነጋዴው አልተቀየመም።

እናንተም ወላጆች፣ እናንተም የገዳምና የማኅበር አለቆች፣ ነገ አንድ ወጣት ተጠርቻለሁ ብሎ ቢመጣባችሁ አትከልክሉት፣ ነገር ግን አታስቸኩሉት። ሁሉን ትቼ መጣሁ ካለ የተወው የማን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን እስኪያገኝ ድረስም በቅሎዋን ይዞ የመጣውን ሰው ልብ በሉ።