የሳሙና ልክና የቁጠባ ምግባር

ቁጠባ በራሱ ምግባር ነው ወይስ እጦት ያስተማረው ልማድ ብቻ ነው የሚለው ጥያቄ በፍልስፍናም ሆነ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ሀብት፣ ስለ ምጽዋትና ስለ መንግሥት ግምጃ ቤት ሲነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ይበልጥ ጠርቶ የሚታየው በየሳምንቱ ልብስ በሚታጠብበት ሳፋ ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱቄት ሳሙና በገንዘብ የሚገዛ፣ መጠኑ በእጅ ግምት የሚወሰን፣ አገልግሎቱን ሲጨርስም ከውሃው ጋር የሚደፋ ነገር በመሆኑ ምን ያህሉ ለሥራ እንደ ዋለና ምን ያህሉ በከንቱ እንደ ፈሰሰ ለዓይን አይታይም። እዚህ ላይ ቁጠባ ሲባል አንድ ነገር ለተፈለገበት ዓላማ ከሚበቃው በላይ እንዳይወጣ መጠበቅ ማለት ነው፤ ብክነት ዓላማው ከተፈጸመ በኋላም ማፍሰስ ነው፤ ስስት ደግሞ ዓላማው ሳይፈጸም እጅን መሰብሰብ ነው። ሦስቱን የሚለያቸው የወጣው ነገር ብዛት ሳይሆን ዓላማው ስለሆነ፣ ስለ ምግባሩ ከመፍረድ በፊት ሳሙና በልብስ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሳሙና ሞለኪውል፣ ማለትም የመጨረሻው ደቃቅ ቅንጣቱ፣ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ከውሃ ሸሽቶ ቅባት ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ንጥረ ነገር ሰርፋክታንት ይባላል። በመጀመሪያ የውሃውን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ውሃ በጨርቅ ላይ ድቡልቡል ሆኖ እንዲቆም የሚያደርገውን የመሳሳብ ኃይል አላልቶ፣ ውሃው ወደ ክሩ እንዲዘልቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎም ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ሚሴል የሚባሉ እንክብሎችን ይሠሩና ቅባቱን በመካከላቸው ይዘው ከጨርቁ ያርቁታል። ሳሙናው በውሃው ውስጥ የተወሰነ መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ ግን የገጽ ውጥረቱ ከዚያ በታች ብዙም አይወርድም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ሚሴል የሚሠራ ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ የሚለካው በሚሸከመው እድፍ ልክ ነው። ለአንድ ቀን የተለበሰ ሸሚዝና የመካኒክ ቱታ እኩል ሳሙና የማይሹት ስለዚህ ነው። አረፋን የንጽሕና መለኪያ አድርጎ መውሰድ በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሲሆን፣ አረፋ በስስ የሳሙና ውሃ ውስጥ የታሰረ አየር እንጂ ሌላ አይደለም፤ በማሽን ውስጥ ሲበዛ እንዲያውም ልብሱ እንዳይፋተግ ይከለክላል፣ በእጅ አጠባም ሦስተኛና አራተኛ የማለቅለቂያ ውሃ ያስፈልገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር አረፋውን ለማጥፋት የሚወጣው ጀሪካን ከሳሙናው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል። በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙናም ክሩ ላይ ደርቆ ጨርቁን ያጠነክረዋል፤ አዲስ አቧራም ይይዝበታል።

የውሃው ጠባይም ልኩን ይለውጠዋል። እንደ ድሬዳዋና መቀሌ ባሉ የኖራ ድንጋይ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚበዛበት፣ ደረቅ ሳሙና ገና እድፉ ዘንድ ሳይደርስ ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ገዢው ሳሙናው ጥራት የለውም ብሎ ሲያማርር ጥፋቱ የውሃው ነው። በክረምት ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ እንዲህ ያለ ማዕድን ስለሌለበት በጥቂት ሳሙና ብዙ ልብስ ያሳጥባል።

የቤት ልማድ ከዚህ አብዛኛውን ኬሚስትሪው ሳይነገረው የደረሰበት ይመስላል። ልብስን ዘፍዝፎ ማቆየት የሳሙናንና የክንድን ሥራ ለጊዜ ማስረከብ ነው፤ በአንዳንድ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ኢንዛይም፣ ማለትም የላብ፣ የደምና የምግብ እድፍን የሚቆራርጠው ንጥረ ነገር፣ የሚፈልገውም ለብ ያለ ውሃና ትዕግሥት እንጂ ተጨማሪ ጭብጥ አይደለም፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ያበላሸዋል። አንገትጌና የእጅጌ ጫፍ ብቻ ቆሽሾ ሙሉ ሸሚዙን በብዙ ዱቄት ከማጥለቅ፣ አንገትጌውን አርሶ የደረቅ ሳሙና ጠርዝ ሦስት አራት ጊዜ ማሳለፍና ጨርቁን በራሱ ላይ አጥፎ ማሸት ይበቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያው ውሃ ነጭ ልብስ ይታጠባል፤ ነጠላውና አንሶላው ከወጡ በኋላ ገና ያልሞተው አረፋ ለባለ ቀለሙ ይውላል፤ ከዚያ ካልሲ፣ ከካልሲ ቀጥሎ የወለል መወልወያ ይገባበታል፤ በመጨረሻም የጠቆረው ውሃ የግቢውን ሲሚንቶ ያጥባል። እዚህ ላይ የቀነሰ ነገር የለም፤ አንዱ ጭብጥ የሚያገለግላቸው ዓላማዎች በዙ እንጂ፤ ይህም ከቁጠባ ሁሉ የተሻለው ነው። ላርጎ የሚባለውን ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥኖ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተጨመረው ውሃ የማጽዳት ኃይሉን በጠብታ እንኳ አያበዛውም፤ የሚለውጠው እድፉን ሳይሆን የሚቀዳውን እጅ ነው፤ እጅ የሚለካው ብዛትን እንጂ ጥንካሬን ስላልሆነ፣ በየጊዜው እንደ ለመደው ሲያፈስ ሳያውቀው ይቆጥባል። የቤት ባለቤት ይህን አውቆ በራሱ ላይ ሲያደርገው ብልሃት ይሆናል፤ ነጋዴ ገዢውን ሳይነግር ሲያደርገው ግን ስርቆት ነው።

ከዓላማ ያለፈ ነገር በራሱ ጥፋት ነው የሚለው ሐሳብ በሃይማኖት ሕግ ውስጥ የቆየ ሥር አለው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማን የከበበ ሠራዊት የፍሬ ዛፎችን እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ የአይሁድ ሊቃውንት ይህን የጦርነት ሕግ ወደ ቤት አስገብተው ባል ታሽሒት፣ ማለትም አታጥፋ፣ የሚል ጠቅላላ ሥርዓት አደረጉት። በባቢሎን ታልሙድ፣ ሻባት በሚባለው ክፍል፣ የዘይት መብራትን ሸፍኖ ዘይቱ ያለ አግባብ ቶሎ እንዲነድ የሚያደርግ ሰው ይህን ሕግ ተላለፈ ተብሎ ተጽፏል፤ በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ማይሞኒደስም ዕቃ መስበርን፣ ልብስ መቅደድንና ምግብ ማበላሸትን በዚሁ ሥር አስገብቷቸዋል። የመብራቱ ምሳሌ ለሳሙናው ጉዳይ እጅግ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ዘይቱን መጠቀም ሳይሆን ያው ብርሃን በጥቂቱ ሊገኝ ሲችል በብዙ መውሰድ ነው። በእስልምና ሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ አንድ ሙድ ያህል ውሃ ይበቃቸው እንደ ነበር በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ተዘግቧል፤ ሙድ ሁለት እጅ ተገጥሞ ሲታፈስ የሚይዘው መጠን ነው። በኢብን ማጃህ ስብስብ ያለው ሌላ ዘገባ፣ ሰነዱ ደካማ ነው የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ በሚፈስ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው እንኳ ውሃ ሊያባክን እንደሚችል ያስተምራል። የዚህ ትምህርት ጥልቀት ወንዙ በመጠቀሱ ላይ ነው፤ ወንዝ አይጎድልምና ክልከላው ከእጦት የመነጨ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቁጠባ የድሃ ልማድ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት በእነዚህ ሕጎች ፊት አይቆምም፤ ባለጸጋውም ከልኩ ሲያልፍ ይጠየቃል።

ነገር ግን ማሳነስን ሁሉ ቅድስና የሚያደርግ ሰው የዮሐንስ ወንጌልን ሁለት ምዕራፎች አብሮ ማንበብ ይኖርበታል። በምዕራፍ 6 ላይ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ኢየሱስ የተረፈው ቁርስራሽ አንዳች ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ ያዝዛል፤ 12 መሶብም ይሞላል። በምዕራፍ 12 ላይ ግን ማርያም በቢታንያ ዋጋው የከበደ የናርዶስ ሽቱ በእግሩ ላይ ስታፈስ አይከለክላትም፤ ይልቁንም ይሟገትላታል። ሽቱው በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች መሰጠት ነበረበት ብሎ በሒሳብ የተከራከረው ይሁዳ ነው፤ ወንጌላዊውም ይሁዳ ይህን ያለው ለድሆች አዝኖ ሳይሆን የገንዘብ ከረጢቱን የሚይዘውና ከውስጡም የሚወስደው እርሱ ስለነበረ ነው ይላል። ሁለቱ ታሪኮች አይጋጩም። ቁርስራሹ የተሰበሰበው ሰዎቹ ከጠገቡ በኋላ ነው፣ ማለትም ዓላማው ከተፈጸመ በኋላ፤ ሽቱው ግን የፈሰሰው ዓላማው ራሱ ማክበር ስለነበረ ነው፤ ክብርንም በማንኪያ የሚለካ ሰው አላከበረም። ከዚህ ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው ግን ቁጠባን የሰበከው ማን እንደ ሆነ ነው፤ የሰበከው ያፈሰሰችው ሳትሆን ከረጢቱን የያዘው ነበር። አርስቶትልም በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አራተኛ መጽሐፍ ላይ ለጋስነትን በአባካኝነትና በስስት መካከል ካስቀመጠ በኋላ፣ ከሁለቱ ስስት የባሰ መሆኑን ይናገራል፤ አባካኙን ዕድሜና ችግር ሊያርሙት ሲችሉ ስስት ግን መድኃኒት የለውም።

የሳፋው ጉዳይ ከመጻሕፍቱ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሲታጠብ የሚወጣው ሳሙና ብቻ አይደለም፤ ውሃ፣ ሙቀት፣ ጊዜና ጉልበትም ይወጣሉ፤ አንዱ ሲቀነስ ሌላው መጨመሩ የማይቀር ስለሆነ፣ ሳሙናው በረከተ ሲባል ሸክሙ ወደ ማን እንደ ተዛወረ መጠየቅ ግድ ነው። መዘፍዘፊያው ጊዜ ሲጨመር ሸክሙን የሚቀበለው ሰዓት ነውና ማንም አይጎዳም። ነገር ግን አንዲት ተመላላሽ በቀን ክፍያ መጥታ የቤተሰቡን የሳምንት ልብስ ስታጥብ፣ አሠሪዋ ዱቄቱን በቡና ስኒ ለክተው ሰጥተው ፌስታሉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፉበት፣ ከስኒው የጎደለው ከክንዷና ከወገቧ ይወጣል፤ ጋቢ የሚያህል ከባድ ነገር በቂ ሳሙና ሳያገኝ የሚጸዳው በሰው ጉልበት ብቻ ነው። የቤቱ ሒሳብ ግን ይህን ወጪ አይመዘግበውም፤ የተገኘውን ትርፍ ብቻ ይመዘግባል። በዚህ ጊዜ አሠሪዋ ቆጣቢ የሚባሉት በስሕተት ነው፤ ያደረጉት የራሳቸውን ወጪ በሌላ ሰው አካል ላይ መጻፍ ነው። ከልክ በላይ የሆነው ሳሙናም ቢሆን ያችኑ ሴት አይምራትም፤ ዱቄት ሳሙና አልካላይ፣ ማለትም ቅባትን የሚበላ ጠባይ፣ ስላለው ከእድፉ ጋር የእጇን ወዝ ጠርጎ ቆዳዋን ይሰነጥቃል። ትክክለኛውን ልክ ከማንም በፊት የሚያውቀው እንግዲህ በውሃው ውስጥ ያለው እጅ ነው።

የተደፋው ውሃም ሒሳቡን አይዘጋውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ ሲመራመሩ፣ ሴቶች እንደ ሳሙና በሚያገለግለው የእንዶድ ፍሬ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ስለነበሩ ግኝቱ ለሕክምና ተስፋ ሰጠ፤ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸለሙ። ይኸው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ልብስ አጣቢዎቹ በሽታ ለማጥፋትም ሆነ ዓሣ ለመጉዳት አላሰቡም፤ ውሃው ግን ያላሰቡትን ሁለቱንም ወደ ታች ይዞ ወረደ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልብስ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ፎስፎረስ በሕግ የተገደበውም፣ ወደ ሐይቅና ወንዝ የገባው ፎስፌት አልጌን አብዝቶ ውሃውን ኦክስጅን ስለሚያሳጣ ነው።

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 2 ላይ ሳሙናን ማብዛት በደልን እንደማያጥብ ተነግሯል፤ ሳሙናን ማሳነስም እንዲሁ አያጥበውም። ቁጠባ ምግባር የሚሆነው የሚቀንሰው ሰውና ቅነሳውን የሚሸከመው ሰው አንድ ሲሆኑ፣ ወይም ሸክሙ ማንንም በማይጎዳ ጊዜና ብልሃት ላይ ሲያርፍ ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለው የከረጢት ያዡ ክርክር ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሳሙናው ይበርክት ከተባለ፣ ልኩን የመወሰኑ ሥልጣን ዱቄቱን ከገዛው ሰው እጅ ወጥቶ ልብሱን ለምታጥበው ሊሰጥ ይገባል።