ልማድና ልብ

ልማድ የሚለው ቃል ለመደ ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን የግእዝ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚሁ ግሥ ለማዳ የሚለው ቃል ይገኛል፤ ይኸውም ዱርነቱን ትቶ ከሰው ጋር መኖርን የተቀበለ እንስሳ ማለት ነው። ገበሬ ወይፈኑን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ አያርስበትም፤ ሥራውን ከሚያውቅ በሬ ጋር አጣምሮ ጥቂት ያስኬደውና ይፈታዋል፤ በማግሥቱም ይኸንኑ ይደግማል። ወይፈኑ ቀንበሩን የሚለምደው ገበሬው አንድ ቀን አብዝቶ ስለ ደበደበው ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለ ጠመደው ነው። እንግዲህ ልማድ ከሥሩ ሲመረመር መገራት ነው፤ የሚገራውም የሰው ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። በአገልግሎት ከምናውቃቸው ወጣት ዲያቆናት አንዱ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ወደ እኛ ቀርቦ፥ «የኔታ፥ በየማለዳው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ ነገር ግን አፌ ሲደግም ልቤ ወደ ገበያና ወደ ስልኬ ይሄዳል። ይህ በእግዚአብሔር ፊት መዘበት አይደለምን? ልቤ እስኪመለስ ድረስ ብተወው አይሻልምን?» አለን። እኛም በዚያ ሰዓት ፈጥነን መልስ ልንሰጠው አልቻልንም፤ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነበረና።

ልማድን ለመንቀፍ የሚነሣ ሰው ከመጽሐፍ ምስክር አያጣም። ነቢዩ ኢሳይያስ በከንፈሩ ቀርቦ በልቡ የራቀውን ሕዝብ ወቅሷል፤ ጌታችንም ይህንኑ የነቢዩን ወቀሳ በጻፎችና በፈሪሳውያን ላይ መልሶ አንሥቶታል። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ይጾም የነበረው ፈሪሳዊም ልማዱን አላጓደለም፤ ነገር ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሌላው ነው። ስለዚህ የዲያቆኑን ጥያቄ የስንፍና ሰበብ ነው ብሎ ማሳለፍ አይገባም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚነሣው ጸሎቱን ከሚያከብር ሰው ነው፤ የማያከብረውማ ልቡ የት እንደ ሄደ መች ይጠይቃል?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ግን በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር።

ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ እንደሚደገም አንባብያን ያውቃሉ። የሰኞው 30 መዝሙር ነው፤ የማክሰኞው 30፥ የረቡዑ 20፥ የሐሙሱ 30፥ የዓርቡ 20፥ የቅዳሜው 20፤ እንዲህ ሆኖ 150ው በሳምንት ይፈጸማል፤ እሑድም ለመኃልየ ነቢያትና ለመኃልየ ሰሎሞን ይሆናል። እኛም ይህን ሥርዓት ከንባብ ቤት ከወጣንበት ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመት ይዘነው ነበር። ኋላ ግን ከገጠር ወደ ከተማ ተጠርተን የጽሕፈትና የስብሰባ ሥራ በበዛበት አገልግሎት ላይ ተመደብን። አንድ ሐሙስ ቀን በመንገድ ምክንያት ሳንደግም ዋልን። «ነገ አጥፈን እንከፍላለን» አልን። የሐሙሱ 30 በዓርቡ 20 ላይ ተጨምሮ 50 ሆነ፤ ዓርብም እንግዳ መጣ፤ ለቅዳሜ 70 መዝሙር ቀረልን። ሰባውን ባየን ጊዜ ደነገጥንና «ከሰኞ አዲስ እንጀምራለን» ብለን ተጽናናን። ያ ሰኞ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይመጣ ቀረ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አላወቀብንም። ቅዳሴውን እንቀድስ ነበር፤ ጉባኤውን እናስተምር ነበር፤ ስለ ጸሎትም ሰብከናል። እኛም ብንሆን የጎደለብንን አላወቅነውም። ያወቅነው የወለዱን እናታችን ያረፉ ዕለት ነው። ከቀብሩ በኋላ ሌሊት፥ ለቀስተኛው ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ ለመጸለይ ተነሣን። በሕፃንነታችን በቃላችን የያዝናቸው፥ እናታችንም ራሳቸው በደጅ ተቀምጠው ሲሰሙን ደስ ይላቸው የነበሩ ቃላት እንግዳ ሆነው ቆሙብን። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አቃተን። ሐዘኑ ስለ ከበደ ብቻ አልነበረም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ሣር በቅሎበት ነበር።

እስራኤል በምድረ በዳ መና በተሰጣቸው ጊዜ እያንዳንዱ ለዕለቱ የሚበቃውን አንድ ጎሞር እንዲለቅም ታዘዘ። ለነገ ያሳደረው ሰው መና ተልቶ አገኘው፤ እጥፍ እንዲለቅሙ የተፈቀደላቸው በስድስተኛው ቀን ለሰንበት ብቻ ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብበን ስንት ጊዜ እንደ ተረጐምነው እግዚአብሔር ያውቃል። የዕለት ነገር እንደማይጠራቀም፥ እንደ ብድርም ተጠራቅሞ እንደማይከፈል የተማርነው ግን ከዚያ ከቅዳሜው 70 መዝሙር ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአጥቢያችን አንዲት አረጋዊት እናት ለአካለ መጠን የደረሰ ልጃቸውን ቀበሩ። ባላቸው ቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር ከዚያ ልጅ በቀር ማንም አልነበራቸውም። በሣልስቱ ሌሊት ለማጽናናት በቤታቸው አደርን። ሊነጋጋ ሲል ወይዘሮዋ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙ። ድምፃቸው አልጨመረም፥ አልቀነሰም፤ እንባቸው ብቻ ይወርድ ነበር። ሲፈጽሙ ሦስት ጊዜ ሰግደው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኛም ስለ ራሳችን እያሰብን፥ «እናቴ፥ በዚህ ሐዘን እንዴት ቻሉት?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «አባቴ፥ ልቤስ ከልጄ ጋር ተቀብሯል። አፌ ግን መንገዱን ስለሚያውቅ ይሄዳል፤ ልቤ የተመለሰ ቀን ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብዬ ነው» አሉን።

እኒህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ለዲያቆኑ የምንሰጠውን መልስ ግን ከዚህ የተሻለ አድርጎ የነገረን መምህር የለም።

ነገሩን በመጽሐፍም እንመርምረው። ንጉሥ ዳርዮስ እስከ 30 ቀን ድረስ ከእርሱ በቀር ከማንም ልመና እንዳይለመን ትእዛዝ ባወጣ ጊዜ፥ ነቢዩ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር በተከፈተው መስኮት በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ። መጽሐፉ ይህን ያደረገው ቀድሞ ያደርገው እንደ ነበረ ነው ብሎ መመስከሩን ልብ እንበል። ዳንኤል ጸሎትን በአዋጁ ቀን አልጀመረም። 30 ቀን በልቡ ብቻ ቢጸልይ፥ ወይም መስኮቱን ቢዘጋ፥ የሚነቅፈው ሰው ባልነበረ፤ ሰው እንኳን 30 ቀን ቀርቶ አንድ ሐሙስ ሲያልፍበት ምን ዓይነት ምክንያት እንደሚያገኝ እኛ እናውቃለን። ጠላቶቹም ሊያጠምዱት የቻሉት ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ ወደ አንበሶች ጕድጓድ ያስገባው ያው ልማዱ ነው፤ በጕድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ እንዳይናወጥ ያጸናውም እርሱ ነው።

«በልማድ የተሠራ ሥራ የሠሪው ነውን? ወይስ እንደ ወፍጮ መዞር ብቻ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ እናት በመንፈቀ ሌሊት ለሕፃኗ ስትነሣ ይመልከት። በዚያች ደቂቃ ልቧ በፍቅር መቃጠሉን አትመረምርም፤ እንቅልፍ ወደ ኋላ እየጎተታት ትነሣለች እንጂ። ይህን ማንም ግብዝነት ብሎ አይጠራውም። ግብዝነት ማለት ልብ የሌለበትን ሥራ ልብ እንዳለበት አስመስሎ ለሰው ማሳየት ነው፤ ልቡ እንደ ራቀበት አውቆ፥ አዝኖ፥ ሆኖም ሥራውን በስውር የማይተው ሰው ግን ከግብዝ ጋር አይቈጠርም። የጽርእ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን፥ እንዲሁም ሰው የፍትሕን ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ እንደሚሆን አስተምሯል። እርሱ ስለ ጸጋ የሚያውቀው ነገር ስለ ሌለ ትምህርቱን እንዳለ አንወስደውም፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነጥብ የሚቃወመው ልምድ አላገኘንም። ልባችን እስኪነሣሣ ድረስ የምንጠብቅ ከሆነ ልባችንን ንጉሥ አደረግነው ማለት ነው፤ ልብ ደግሞ እንደ ክረምት ሰማይ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ይለዋወጣል!

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው በመተው ሳይሆን አብዝቶ በመጀመር ነው። ሱባኤ ገብቶ የወጣ ሰው ሰውነቱ ገና ትኩስ ሳለ፥ «ከእንግዲህ በየቀኑ ሙሉ ዳዊት እደግማለሁ፥ ሌሊት እቆማለሁ» ብሎ ይሳላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ከስእለቱም ከቀድሞው ጥቂት ጸሎቱም ወጥቶ ይገኛል። አባቶቻችን በትምህርት ቤት የሠሩት ሥርዓት ይህን አይፈቅድም ነበር። ሕፃኑ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያ ወደ ወንጌሉ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል እንጂ አይዘልም። በቅኔ ቤትም ተማሪው በመጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፥ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርሙለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ጉባኤ ቃና። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ሳምንት ልቍጠር የሚል ተማሪ ቢነሣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። በመንፈሳዊው ተጋድሎ ግን ሁላችን ከመወድስ መጀመር እንወዳለን፤ የሚስቅብንም የለም።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሕዝባችን ለትዕግሥት ይጠቅሰዋል። መልካም ነው፤ ሆኖም እንቍላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ 21 ቀን እየተመለሰች ስለምትታቀፈው መሆኑ ይዘነጋል። የማትታቀፈው እንቍላል እስከ 21 ቀን ቢቆይም መግማት እንጂ መሄድ የለውም። ጊዜ ብቻውን ማንንም አላስተማረም።

በዘመናችን ያሉ ሊቃውንትም ይህን ነገር በቍጥር መርምረውታል። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ. ም. ባሳተሙት ጥናት፥ 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መርጠው፥ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፥ በየቀኑ በአንድ ጊዜ እንዲያደርጉት ለ12 ሳምንት ተከታትለዋቸዋል። ነገሩ ያለ ብዙ ጥረት የሚሠራ ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ያህል ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፥ ለአንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገመተ። እኛ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን የምንጾም ሰዎች እንዲህ ያለው ቍጥር እንግዳ አይሆንብንም፤ ንጽጽሩን ግን ከልኩ አናሳልፈው፤ ጾሙ የተሠራው ለልማድ ስሌት አይደለምና። ይልቁንስ ከዚያ ጥናት አንድ ነገር ደስ አሰኝቶናል፤ ይኸውም አንድ ቀን ማጓደል የተጀመረውን ልማድ የሚያፈርስ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። እኛን የጎዳን ሐሙስ መቅረቱ አልነበረም፤ የሐሙሱን ዕዳ በዓርብ ላይ መጫናችን ነበር።

ልማድ የጸሎት ብቻ መሆን እንደሌለበትም እንጨምር፤ በዚህ ረገድ እኛ ካህናት ይልቁን የምንወቀስበት አለ። የጸሎት ሰዓቱን ከቶ የማያጓድል፥ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ደጁን ያንኳኳውን ድኻ ወይም ቡና ይዛ የገባችውን ሠራተኛ የሚገሥጽ ሰው አይተናል፤ ሩቅ ሳንሄድ በራሳችን ቤት አይተነዋል። እንዲህ ያለው ልማድ ሰውን አልገራውም፥ አጥር ሠራለት እንጂ። ስለዚህ በዕለቱ ልማድ ውስጥ ወደ ጎረቤት የሚያይ አንድ ትንሽ ነገር ይግባ፤ ከቤት ሲወጡ ለነዳያን የሚሰጥ አንድ ሳንቲም በኪስ መያዝ፥ ያኮረፉትን ሰው ቀድሞ እንዴት አደርህ ማለት፥ ሐዋርያው እንዳዘዘው ቍጣን ይዞ ፀሐይን አለማስገባት። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ በየማታው ሲሞከር ግን ከ30 መዝሙር ይከብዳል።

ወደ ዲያቆኑ እንመለስ። በሳምንቱ አስጠርተን፥ «ልጄ፥ አትተው፤ ነገር ግን አሳንሰው» አልነው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ስልኩን ከመንካቱ በፊት በትእምርተ መስቀል አማትቦ እንዲነሣ፥ ከዕለቱ ውዳሴም ለጊዜው አንዱን ክፍል ብቻ ድምፁን እየሰማ ቀስ ብሎ እንዲደግም፥ ልቡ ሲሄድበትም ተናዶ ከመጀመሪያ ሳይጀምር ካለበት እንዲቀጥል ነገርነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የኔታ፥ እርስዎስ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» አለን። ጥያቄው ድፍረት ነበረው፤ ቢሆንም እውነቱን ነገርነው።

ከእናታችን ሙት ዓመት በኋላ ስንጀምር ሠላሳውን አልሞከርንም። ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ፥ ሌላ ሥራ ሳንነካ፥ አንድ መዝሙር ቆመን መድገም ጀመርን፤ አንድ ብቻ። አንዳንድ ቀን በልባችን፥ ብዙውን ጊዜ በአፋችን። አሁን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ በየማለዳው አንድ ንጉሥ፥ ማለት 10 መዝሙር፥ እንደግማለን። የሰኞውን 30 ገና አልደረስንበትም።