ምጽዋት በስውር፣ ሒሳብ በግልጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለስና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ «እማዬ፣ ነገ ለክበብ ብር አምጡ ተብለናል» ይላል። እናትም «ስንት ነው ያሏችሁ?» ትላለች። «የቻላችሁትን ነው የተባለው፤ ግን የሰጠ ሰው ስሙ በሰልፍ ላይ ይነበባል» ይላታል። እናቲቱ ያላትን ቈጥራ ትሰጠዋለች፤ ከሌላትም ከጎረቤት ትበደራለች። ልጇ በጓደኞቹ ፊት አንገቱን እንዳይደፋ ነዋ! ገንዘቡ ለችግረኛ እንደሚውል እናምናለን። ይሁን እንጂ እናቲቱ የሰጠችው ርኅራኄ አነሣሥቷት ነው ወይስ ኀፍረት አስገድዷት? ይህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚቋቋሙ የበጎ አድራጎት ክበባት መልካም ሥራ እንደሚሠሩ አይካድም። ተማሪዎቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ልብስና ደብተር ያሰባስባሉ፤ አረጋውያንን ይጠይቃሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በትምህርት ቤቶች ውስጥ ክበባት አሉት። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ችግር ብዙዎች ሲተባበሩ ያቀሉታል። ስለዚህ ጥያቄያችን ክበብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። በክበብ የሚሰጥ ምጽዋት ምጽዋትነቱን እንዴት ይጠብቅ የሚል ነው።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም አከታትሎ አስተምሯል (ማቴ. 6፥1-18)። ፍትሐ ነገሥትም ጸሎትን፣ ጾምንና ምጽዋትን በተከታታይ አንቀጾች (14፣ 15 እና 16) አስቀምጧቸዋል። ሦስቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። ጌታም ሦስቱን በስውር እንድናደርጋቸው አዝዞናል። ለሚጸልይ ሰው በሩን መዝጋት፣ ለሚጾምም ፊቱን መታጠብ ይቻለዋል። የክበብ ምጽዋት ግን ያለ ማስታወቂያ አይሰበሰብም፤ ያለ ሪፖርትም አይታመንም። ታዲያ ምን ይሻላል?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ የምናገኘውን ሙዳየ ምጽዋት ልብ ብለን እንመልከተው። ቀዳዳው ጠባብ ነው። ባለጠጋው 100 ብር ቢጨምር፣ ድኻዪቱ 1 ብር ብትጨምር ከገባ በኋላ የማን የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ የለም። የመቁጠሪያው ቀን ሲደርስ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊከፍተው አይገባም። ብዙዎች ባሉበት ይቈጠራል፤ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ይፈረምበታል። እንግዲህ አንዱ ሣጥን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሰጪውን ይሰውራል፣ ገንዘቡን ይገልጣል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግልባጩን ነው። የሰጪውን ስም በድምፅ ማጉያ እናሰማለን፤ የተቀባዩን ፊት በፎቶግራፍ እናሳያለን፤ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይድበሰበሳል።

1. ሰጪው ይሰወር

«ስም ካልተጠራ ማን ይሰጣል?» የሚሉ አሉ። ደግሞም «ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ ታዝዘን የለም ወይ?» ይላሉ (ማቴ. 5፥16)። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ቃል መሠረት ሰው መልካሙን ሥራ አይቶ የሚያመሰግነው ሰማያዊ አባታችንን ነው እንጂ ሠሪውን አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድኾች ምእመናን ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ የቆሮንቶስን ሰዎች ለማነሣሣት የመቄዶንያን አብያተ ክርስቲያናት ልግስና ነግሯቸዋል (2ቆሮ. 8፥1-5)። ልብ በሉ! እገሌ ይህን ያህል ሰጠ፣ እገሌ ይህን ያህል አስቀረ አላለም። የነገራቸው የማኅበሩን ስጦታ ነው። ክበቦቻችንም ከዚህ መማር ይችላሉ። «የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድነት ይህን ያህል አዋጡ» ቢባል ሌላውም ይነሣሣል፤ ምንም ያልነበረው ልጅም አያፍርም። ምናልባት ስም ሲጠራ ከሚሰበሰበው ጥቂት ብር ይጎድል ይሆናል። ይጉደል! የሚጎድለው ብር ነው፤ የሚተርፈው ግን የልጁ ልብ ነው።

በርግጥ መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረው በርናባስ በስሙ ተጽፏል (ሐዋ. 4፥36-37)። ነገር ግን ወዲያው የሚከተለው የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ነው። እነርሱም መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋው ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጠ ሰው መታየት ፈለጉ (ሐዋ. 5፥1-11)። ሐዋርያው የወቀሳቸው ገንዘቡን ስላስቀሩ ሳይሆን ስለዋሹ ነው። ለመታየት የሚሰጥ ስጦታ እንዲህ ያለ ወጥመድ አለው። ትልልቆቹን የጣለ ወጥመድ በ15 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ መዘርጋት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

ሌላም ነገር አለ። ልጁ የሚሰጠው የአባቱን ገንዘብ ብቻ ከሆነ ከኪስ ወደ ሣጥን አሻገረ እንጂ ሰጠ ለማለት ያስቸግራል። ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ የሚሠራበትን ዐውድማ በነጻ ውሰድ ሲባል፣ ዋጋ ያልከፈለበትን ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልወደደም (2ሳሙ. 24፥24)። በዐቢይ ጾም ልጁ በእረፍት ሰዓት ለፓስቲና ለሳምቡሳ ከያዛት ላይ 5ም ይሁን 10 ብር ቢያስቀር፣ ያቺ ትንሽ ገንዘብ ከአባቱ 100 ብር ትበልጣለች። ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም የመዘነበት ሚዛን ይህ ነው (ማር. 12፥41-44)። የጾማችንም ትርጉም የሚሟላው እኛ የተውነው እንጀራ ለተራበው ሲደርስ ነው (ኢሳ. 58፥6-7)።

2. የተቀባዩ ክብር ይጠበቅ

በትምህርት ቤት ክበብ የሚረዳው ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚማር ልጅ ነው። እስቲ እናስበው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የክበቡ ተጠሪ ማይክራፎን ይዞ «ስማችሁ የሚጠራ ችግረኛ ተማሪዎች ወደ ፊት ውጡ» ይላል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ወጥታ 6 ደብተርና አንድ ዩኒፎርም ትቀበላለች። ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሣል። እናቷ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ እንደምታሳድጋት እስከዚያች ጠዋት የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። በማግሥቱ አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳ ስትገባ «የክበቡ ነው እኮ» ይባላል። ደብተር ሰጠናት፤ ስሟን ግን ወሰድንባት። ታዲያ ጠቀምናት ወይስ ጎዳናት? ከኀፍረቷ የተነሣ ከትምህርት ብትቀርስ ማን ይጠየቅበታል?

ድሮ ፎቶው ቢበዛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በዝናብና በፀሐይ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ግን በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለቀቃል። ልጅቷ አድጋ ሥራ ስትይዝ፣ ትዳር ስትመሠርት ያ ፎቶ እዚያው ይጠብቃታል። ጌታችን ከታናናሾቹ ለአንዱ የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ነግሮናል (ማቴ. 25፥40)። እንግዲህ በሰልፍ ፊት አቁመን ያስጨበጨብንለት ማን እንደ ሆነ እናስተውል።

መንገዱ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። የክፍል ኃላፊው መምህር የተማሪውን ችግር ለማወቅ ቅርብ ነው። ከወላጅ ጋር ይነጋገር፤ ዕቃው ከትምህርት ሰዓት ውጪ በወላጅ እጅ ይድረስ። የተቀባዮች ስም ዝርዝር ተፈርሞበት በኃላፊው መምህር ዘንድ ይቀመጥ። በሰሌዳ የሚለጠፈው ግን «ለ40 ተማሪዎች ደብተር ተሰጥቷል» የሚለው ብቻ ይሁን። ቁጥሩን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል፤ የ40ዎቹን ስም ማወቅ ግን ለማንም አይጠቅምም።

3. ገንዘቡ ይገለጥ

መሰወር ያለበት ሰው እንጂ ሒሳብ አይደለም። «እኔ ለእግዚአብሔር ብዬ ነው የምሠራው፤ ምን ትጠይቁኛላችሁ?» የሚል አነጋገር ለጊዜው መንፈሳዊ ይመስላል። ነገር ግን የሐዋርያት መንገድ አይደለም። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ረኀብ በሆነ ጊዜ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት ያዋጡትን የላኩት በበርናባስና በሳውል እጅ ነው፤ በአንድ ሰው እጅ አልላኩም (ሐዋ. 11፥27-30)። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን ያዋጡትን ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች እንዲወስዱት አዝዟል (1ቆሮ. 16፥1-4)። በሌላ ስፍራም ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም መላኩን ሲገልጥ፣ ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈው መጠንቀቁን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ማሰቡን ጽፏል (2ቆሮ. 8፥16-21)። እንደ ጳውሎስ ላለ ሐዋርያ ምስክር ካስፈለገው ለእኛማ እንዴት አያስፈልገን! ለድኾች የተቆረቆረ መስሎ የተናገረው ይሁዳ ከረጢቱን የያዘ ሰው እንደ ነበረ አንርሳ (ዮሐ. 12፥4-6)።

ስለዚህ ልጆቻችን ከአሁኑ ይልመዱት። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በተማሪ፣ አንዱ በመምህር እጅ ይሁን። ሲከፈት ቢያንስ ሦስት ሰው ይቁጠረው። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ። ገቢው፣ ወጪውና ቀሪው በሰሌዳ ይለጠፍ። የታክሲም ብትሆን፣ የሻይም ብትሆን ትጻፍ። እንዲህ ያለ ቁጥጥር አለመተማመን አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ከሐሜትም ከፈተናም የሚጠብቅ ፍቅር ነው። ዛሬ የ20 ብር ጉድለት አይቶ «ይህ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ ነገ በመሥሪያ ቤት የ20 ሚሊዮን ብር ጉድለት ሲያይ ዝም ማለት ይከብደዋል። ዛሬ መድበስበስን ያየ ልጅ ግን ምን ይማራል? በድኻ ስም መብላት እንደሚቻል ይማራል። ክበቡ ይህን ካስተማረው ባይቋቋም ይሻል ነበር።

4. ጊዜም ምጽዋት ነው

ገንዘብ የሌለው ተማሪስ ምን ይስጥ? በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት የምናስበው መፃጕዕ 38 ዓመት ታምሞ ኖረ። ጌታ በጠየቀው ጊዜ ያቀረበው አቤቱታ ገንዘብ ስለ ማጣቱ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበር (ዮሐ. 5፥1-9)። ዛሬም የሚበሉት እያላቸው ሰው ያጡ ብዙዎች ናቸው። አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን እንደሚጦሩበት እንደ መቄዶንያ ወዳለ ማዕከል ሄዶ ልብስ የሚያጥብ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ወጋቸውን የሚሰማ ልጅ ሳንቲም ባይኖረውም ሰው ሆኖላቸዋል።

እዚህ ላይ የምስክር ወረቀት ነገር ይነሣል። በአሜሪካን አገር የሜሪላንድ ግዛት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለመመረቅ ኅብረተሰቡን እንዲያገለግሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ደንግጋለች፤ የሰዓቱም መጠን 75 ነው። በዚያ ግዛት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለሚኖሩ የእኛም ልጆች ይህን ሰዓት ይቈጥራሉ። እዚህም ቢሆን ወረቀቱን አስቦ ክበብ የሚገባ ተማሪ አይጠፋም። የቀይ መስቀል ንቅናቄ ግን ከሰባቱ መሠረታዊ መርሖቹ አንዱን በጎ ፈቃደኝነት አድርጎታል፤ ይህም ጥቅም ሳይፈልጉ ማገልገል ማለት ነው። ታዲያ ታዝዞ ወይም ወረቀት ፈልጎ ያገለገለ ልጅ ልፋቱ ከንቱ ነው?

አይደለም። ጌታችን ስለ ሁለት ልጆች በነገረን ምሳሌ፣ መጀመሪያ እምቢ ብሎ በኋላ ወደ ወይኑ ቦታ የሄደው ነው የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው (ማቴ. 21፥28-31)። እግር ቀድሞ ልብ ሊከተል ይችላል። ሕፃን ጾም የሚለምደውም መጀመሪያ እናቱ «እስከ 6 ሰዓት ቆይ፣ የኔ ልጅ» ስላለችው ነው፤ ትርጉሙ የሚገባው ሲያድግ ነው። ስለዚህ ለወረቀት ብሎ መጀመር ኃጢአት አይደለም። በወረቀት መጨረስ ግን ኪሳራ ነው፤ ለወረቀቱ ብቻ የሠራ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ደመወዙን ጨርሶ ወስዷልና።

መለያው ቀላል ነው። 75ቱ ሰዓት ሞልቶ፣ ወረቀቱ ታትሞበት ከተሰጠው በኋላ ልጁ ያቺን አሮጊት ተመልሶ ይጠይቃታል ወይስ አይጠይቃትም? ተመልሶ ከሄደ ያ 76ኛው ሰዓት በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። የሚፈርምለት የለም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። የሚያየው በስውር የሚያየው አባት ብቻ ነው።

ምእመናን ሆይ! መምህራንም ወላጆችም የሆንን ሁላችን በዚህ በጾም ወራት ልጆቻችንን ወደዚያ 76ኛው ሰዓት እንምራቸው። ስማቸውን ሳይሆን ሥራቸውን፣ የድኻውን ፊት ሳይሆን የሒሳቡን ወረቀት ማሳየት እናስተምራቸው። ቸሩ አምላካችን ጾማችንን የበረከት፣ ምጽዋታችንንም የተወደደ ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።