«እንተሳሰባለን»

ተርጓሚው ሥራውን ካስረከበ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሥራውን ሲቀበል ዋጋ ሊያነሳ አፉን ከፈት ሲያደርግ ደንበኛው ቀደመውና «ችግር የለም፣ እንተሳሰባለን» አለው። አሁን ስልኩን ያነሳል፣ መልእክት ይጽፋል፣ መልሶ ያጠፋዋል። ሰውየው አንድ ሰው አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በግላቸው የሚሠሩ ብዙዎች መልካቸውን ያዩበታል። አርማ የምትሠራዋም፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም ያውቁታል። አናጺ ግን እንጨት ሳይገዛ ቀብድ ይቀበላል፤ ማንም ስስታም አይለውም።

«እንተሳሰባለን» ብልጥ ቃል ነው። መተሳሰብ አንዱ ለሌላው ማዘን ነው፤ ሂሳብ መዘጋጋትም ነው። ተናጋሪው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይገልጽም። «የትኛውን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ይሉኝታ ቢስ ይባላል። ይሉኝታም ከስሙ እንደሚሰማው «ምን ይሉኛል» ነው፤ የሚያስፈራው በደል መሥራት ሳይሆን የሰው አፍ ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ባህል ልመናን አላሳፈረም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሚለምነው በእመቤታችን ስም እንጂ በራሱ ስም አይደለምና አንገቱን አይደፋም። ተርጓሚው ግን በራሱ ስም መጠየቅ አለበት። ያን ጊዜ የላቡ ዋጋ በዓይኑ ፊት ምጽዋት ይመስለዋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ኦሪት ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያየዋል። ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ሠራተኛው ወደ እግዚአብሔር ከጮኸ ኃጢአቱ በከፋዩ ላይ ይሆናል። ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ቀነ ገደቡ ላብ ሳይደርቅ ነው። ሁለቱም ሰዓቱን የቆረጡት ለከፋዩ ነው። እንዲህ ከሆነ በጊዜው «ሂሳቤስ?» ያለ ሰው ደንበኛውን ከበደል ያድነዋል እንጂ አያስቀይመውም።

ዋጋን በጨዋ ደንብ መጥራት የሚቻል መሆኑን ለማየት ዘፍጥረት 23ን መክፈት ይበቃል። ሣራ ሞታ አብርሃም የመቃብር ቦታ ሲፈልግ ኬጢያዊው ኤፍሮን በከተማው በር፣ ሕዝብ ፊት፣ «በነጻ ውሰደው» ይለዋል። አብርሃም እንቢ ሲል ኤፍሮን አራት መቶ ሰቅል ብር በወዳጆች መካከል ምን ነገር ነው ይላል። እንዲህ እያቃለለ 400ን አስቀመጠ! አብርሃምም ገባውና ብሩን መዝኖ ሰጠው። ቸርነቱ እውነት ነበር ወይ? ምናልባት አልነበረም፤ ግን ሁለቱም ስንት እንደሆነ አውቀው ተለያዩ። ያዕቆብም ለአጎቱ ለላባ ሲሠራ ዋጋውን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ያም ሆኖ ደመወዙ አሥር ጊዜ መለዋወጡን ያማርራል። ዋጋ ተነግሮም እንዲህ ከሆነ፣ ሳይነገርማ!

በነጻ መሥራትን የሚያወድሱ ሰዎች ጳውሎስን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል፤ ከዚያች ከተማ ምእመናንም ገንዘብ አልወሰደም። ግን አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9ን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ነው። ወታደሩን፣ ወይን ተካዩን፣ እረኛውን፣ የሚያበራየውን በሬ ሳይቀር ጠርቶ መብቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ ነው «አልተጠቀምሁበትም» የሚለው። ስጦታ የሆነው መብቱ አስቀድሞ ስለተነገረ ነው። ደግሞም ቆሮንቶሶች አላመሰገኑትም፤ በሁለተኛው መልእክቱ ወንጌልን በነጻ መስበኩ በደል ሆኖ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። ያልተከፈለበት ሥራ እንደ ርካሽ መታየቱ የዛሬ ነገር አይደለም።

የተርጓሚው ዝምታ የጳውሎስን አይመስልም። ገንዘቡን አልተወውም፤ ጉዳዩን ለአራት ጓደኞቹ በቡና ላይ ተርኮታል፤ ያልሰማው ደንበኛው ብቻ ነው። ማታ ላይ መልእክቱን እንደገና ጻፈ። «ጋሼ፣ እንደተባባልነው እንተሳሰብ» ይላል፤ ከሥሩ የገጹ ብዛት፣ የብሩ መጠንና የቴሌብር ቁጥሩ። ላከው። ከዚያም ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ሻይ ሊጥድ ተነሳ።