ሶብር ሐቅን መተው ነውን?

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በሻሸመኔም ሆነ በወንጂ፣ የጡረታ ጥያቄያቸው ውድቅ የተደረገባቸው አንዳንድ እናቶችና አባቶች «ቀደር ነው፤ ሶብር እናደርጋለን» ብለው ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እናያለን። ሶብር ታላቅ ቃል ነው። ግን ቦታው እዚህ ነውን?

ጡረታ ሶደቃ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ1955 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገቡበት፤ ሠራተኛው ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጁ 20 በመቶ እንዲከፈል ተደነገገ። እንግዲህ ባሏ የሞተባት እናት «ይቅርብኝ» ስትል የየቲሞቿንም ሐቅ ትታለች። ሰው በራሱ ሐቅ ሊቸር ይችላል፤ በየቲም ሐቅ እንዲቸር ግን ማን ፈቀደለት?

አንዲት ጎረቤቴ በኒካሕ የኖሩ ነበሩ፤ የጋብቻ ወረቀት ስላልነበራቸው ጥያቄያቸው ተመለሰ። ጸሐፊውን አልወቅስም፤ የሌሎችን አማና ይጠብቃል። እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ዝም አሉ። በዚህ መሃል ከኒካሑ ሁለት ምስክሮች አንዱ ወደ አኼራ ሄዱ። ዝምታው ማስረጃቸውን በላው።

የአንድ ቢሮ «አይሆንም» የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሕጉ ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ አቁሟል፤ ጉባኤው ሕግ ስቷል የሚል ደግሞ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37ም ፍትሕ የማግኘት መብትን ደንግጓል።

ኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ባሏ በዚሃር ሲርቃት ጉዳይዋን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረበች፤ የሚያስከፋ መልስ ብትሰማም አቤቱታዋን አላቋረጠችም። አላህ (ሱ.ወ.) ንግግሯን ሰማ፤ 58ኛው ሱራም በዚያች በተከራከረች ሴት ስም ተጠራ። ማን ሶብር አጣች ይላታል?

እንደኔ አስተያየት ሶብር ያለው መንገዱ ላይ ነው። ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ቀነ ገደብ ማክበር፣ ተመላልሶ ሳይሳደቡ መጠየቅ ሶብር ነው። የሐሰት ምስክር ማቆም ወይም ጉቦ መስጠት ግን ሐቅን ፍለጋ አይደለም፤ የሌላውን ሐቅ መንካት ነው። ማንበብ የምንችል ወጣቶችም የውሳኔውን ወረቀት ለእነዚህ እናቶች ብናነብላቸው፣ ማመልከቻውንም ብንጽፍላቸው ምን ይጎድልብናል? መንገዱን ሁሉ ሄደን ከጨረስን በኋላ የሚቀረው ቀደር ነው፤ ያኔ ሶብር እንበል።

ወላሁ አዕለም።