ለመሰማት መሻት

ሰው በማኅበር መካከል ተቀምጦ ድምፁ ይሰማለት ዘንድ ቢሻ፣ ይህ መሻቱ ከውዳሴ ከንቱ የሚቈጠርበት ነውን ወይስ ከአገልግሎት? ጥያቄው ለመምህራነ መጻሕፍት ጉባኤ የሚገባ ቢመስልም፣ ጠርቶ የሚታየው በአሜሪካ ብሉግራስ የተባለውን ሙዚቃ የሚወድ ሰው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ክብ ሠርተው ከሚጫወቱት ጋር ለመቀላቀል ሲል ጊታር ሊመርጥ ገበያ በወጣ ጊዜ ነው።

ይህ ሙዚቃ ስሙን ያገኘው በ1911 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በኬንታኪ ከተወለደው ከቢል ሞንሮ ጓድ፣ ከብሉ ግራስ ቦይስ ሲሆን፣ በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታውን ባንጆ ይዞ በገባ ጊዜ ዛሬ የሚታወቅበት ጠባይ ጸናለት። ባንጆ ቆዳ ወይም ቆዳ መሰል ገጽ የተወጠረበት በመሆኑ ድምፁ ወደ ፊት ይፈነጠራል፤ ማንዶሊንም በቀጭን ድምፁ ከሁሉ ተነጥሎ ይሰማል፤ ቫዮሊንም በደጋን የሚሳብ ነውና ፋታ ሳይሰጥ ያዜማል። ጊታር ግን በእነዚህ መካከል ወፍራምና ለስላሳ ድምፁን ይዞ ምቱን ሲጠብቅ ኖረ፤ ዶክ ዋትሰንና ክላረንስ ኋይት በ1960ዎቹ ዓመታት ጊታር ራሱ ዜማውን እየመራ እንዲናገር ካደረጉት ወዲህ፣ ድካሙ ለሁሉ ተገለጠ።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሳክሶኒ የፈለሰው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1833 በኒው ዮርክ የጀመረው ድርጅት፣ ሞራቪያውያን የተባሉት ክርስቲያኖች ወደ ቈረቈሩአት ወደ ፔንስልቬንያዋ ናዝሬት ተዛውሮ፣ ድሬድኖት የሚባለውን ትልቅ ጊታር በ1916 ለሌላ ነጋዴ ከሠራ በኋላ፣ በ1931 በራሱ ስም አወጣው። ስሙ የተወሰደው በ1906 ባሕር ላይ ከወረደው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው (ናዝሬት ከተባለች ከተማ የጦር መርከብ ስም የያዘ ዕቃ መውጣቱ ፈገግ ያሰኛል)። የጊታሩ ወገብ ሰፊ፣ ሣጥኑም ጥልቅ በመሆኑ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ስፕሩስ ከተባለው የጥድ ወገን የተሠራው ገጹም፣ በውስጥ የሚደግፉት ዘንጎች ተፍቀው ሲሳሱ በነጻነት ይርገበገባል። ከድሬድኖቶቹ መካከል ጀርባውና ጎኑ ከሮዝውድ የተሠራው ዲ-28 ብዙዎች የሚመኙት ነው፤ ከማሆጋኒ የተሠራው ዲ-18 ግን በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለው ማኅበር ይሻላል፤ የዲ-28 ድምፅ ባለ ግርማና ባለ ብዙ ማስተጋባት ሲሆን፣ የዲ-18 ደረቅና ጥርት ያለ ነውና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይወጣል፤ መግዘፍና መሰማትም አንድ አይደሉም።

ገዢውን ግን ከእንጨቱ ይልቅ የሚያሳስተው የገዛ ጆሮው ነው። በሱቁ ጸጥታ ብቻውን ተቀምጦ አውታሮቹን በመታ ጊዜ፣ ወደ እርሱ የሚመለሰውን ጥቂቱን ድምፅ ሰምቶ ይማረካል፤ የጊታር ድምፅ ግን ከገጹ ወደ ፊት የሚሄድ ስለሆነ፣ ዋናው ድርሻ ፊት ለፊት ለሚቀመጠው ሰው እንጂ ለተጫዋቹ አይደለም። ብልህ ገዢ ጊታሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ እርሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ያዳምጣል። በዚህም ስለ ምጽዋት ከተሰጠው ትእዛዝ ጋር የሚስማማ ምሥጢር አያለሁ፤ ሰጪው የስጦታውን ልክ በራሱ ደስታ ሊመዝነው አይችልም።

አንዳንድ መንፈሳዊ ሰው ግን፣ «ትንሽና ዝግ ያለ ጊታር ይዞ ከሌሎች በታች መሆን ትሕትና አይደለምን?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኔ አይደለም እላለሁ። በዚያ ክብ ውስጥ ተራ በተራ አንዱ ዜማውን ሲመራ፣ የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቦታ ይለቁለታል፤ ጊታሩ እጅግ ደካማ ከሆነ ግን፣ ባንጆው ፈጽሞ ዝም ካላለ በቀር መሪው አይሰማምና፣ የአንዱ ትንሽነት በባልንጀሮቹ ሁሉ ላይ ሸክም ይሆናል። ደግሞም የሚበላው ያጣ ሰው ጾመኛ እንደማይባል፣ ከፍ ሊል የማይችል ድምፅ ዝቅ በማለቱ ምግባር አይቈጠርለትም፤ ትሕትና የሚኖረው መጮህ የሚችለው ጊታር፣ ሌላው ሲዘፍን ከመዳፍ በታች ለስልሶ ምቱን ብቻ ሲያቀብል ነው። ተራው ሲያልፍ ዝቅ ማለትን የማያውቅ ሰው ባለ ኃይለኛ ድምፅ ጊታር ሲይዝ ማኅበሩን እንደሚያውክ አልክድም፤ ነገር ግን የዚህ ጥፋት ከሰውየው እንጂ ከሣጥኑ አይደለም፤ ትንሽ ጊታር ቢሰጡትም አውታሩን እስኪበጥስ ይመታው ነበር።

ይህም ሆኖ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያለውን መፈተን ይገባል፤ አውታሮቹን ወፈር ባሉ ለውጦ፣ ወፍራም መምቻ ይዞ፣ ባንጆ የሚመታውን ወዳጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ ተራውን ይጫወትና ይጠይቀው። ወዳጁ አልሰማሁህም ካለው፣ ዲ-18ቱን ሲገዛ ኅሊናው የሚወቅሰው ምክንያት አላይበትም።